ክፉ አይባልም

ቬስተርዳል፣ ሚኒሶታ
ኖቬምበር 4
ከማብሰያ ቤት፣ ከጠረጴዛው፣ በምድጃው በኩል ካለው ወንበር

ውድ እህቴ ቶራ፣

እናታችን «የተቀመጡበት ወንበር ያልተጻፈበት ደብዳቤ ከመቃብር የመጣ ይመስላል» ስትል ስለኖረች፣ ይኸው የተቀመጥኩበትን ከአናቱ ጽፌልሻለሁ። ጤናዬን ለጠየቅሽው፣ ክፉ አይባልም። በረዶው ገና ቁርጭምጭሚት አልደረሰም። መኪናዬ ዘይቷን ቀይራለች። በስልክ ለምን አታወራኝም ላልሽው ደግሞ፣ ስልክ ስይዝ አፌ ከአየሩ ሁኔታ በቀር ሌላ ነገር አይወጣውም፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ባለፈው እሑድ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ነፋስ አወራን። ስልኩን ስዘጋው ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

ነገሩ የእኔ አይደለም። የአንድ የማውቀው ሰው ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ዕድሜው ስድሳ አንድ ነው፤ እንደ አጋጣሚ እሱም የወረዳውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል። ይህ ሰው ካለፈው ማርች ወዲህ የብረቱ ድልድይ አፍ ላይ ሲደርስ ልቡ እንደተጠመደ ዓሣ ይዘላል፤ መዳፉ ውሃ ይሆናል፤ እግሩ ነዳጅ አልረግጥም ይለዋል። ስለዚህ መኪናውን አዙሮ ይመለሳል። ከወንዙ ወዲህ ያለውን መንገድ መስተዋት አስመስሎ ይጠርገዋል፤ የማዶውን ለእግዚአብሔር ይተወዋል። ይህ ሰው ማዶ የምትኖር አንዲት ልጅ አለችው። በፌብሩዋሪ ትወልዳለች። መንገዱ ካልተጠረገ ምጥ ሲመጣ እንዴት እንደምትሆን እያሰበ እንቅልፍ አጥቷል። ስሟ፣ አሁንም እንደ አጋጣሚ፣ ማሪት ነው።

አንቺ ሠላሳ አንድ ዓመት ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀምጠሽ የሰው ማመልከቻ ስትመረምሪ ስለኖርሽ፣ ይህ ሰው ሁለት ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል። አንደኛ፣ የወረዳው የጤና ኢንሹራንስ ከአማካሪ ጋር ቁጭ ብሎ ለማውራት ይከፍላል ወይ? ሁለተኛ፣ ከከፈለ ወረቀቱን ማን ማን ያየዋል? ሁለተኛውን አብራርተሽ መልሽለት።

የሸክላ ሥራ ትምህርትሽ እንዴት ነው? አራት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ተምረሽ አንድ ሲኒ እንኳ ወደዚህ አገር አልመጣም።

ወንድምሽ አርቪድ


ቱሳን፣ አሪዞና
ኖቬምበር 12
ከበረንዳው፣ ከቁልቋሉ ጥላ፣ ጥላ ከተባለ

ውድ አርቪድ፣

የእጅ ጽሑፉ ሳይቀር ቁርጥ አንተን ለሚመስለው ጓደኛህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ይከፍላል በለው። ነገር ግን ኢንሹራንስ ስም ለሌለው ሕመም አምስት ሳንቲም አያወጣም። አማካሪዋ ለሕመሙ ስም ታወጣለታለች፤ ስሙ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ መዝገቡም ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ይኖራል። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ማግስት «ይህ የክፍያ ጥያቄ አይደለም» የሚል ወረቀት በፖስታ ይመጣል። እንዲህ እያለ የሚመጣ ወረቀት ሰውን ከክፍያ ጥያቄ ይበልጥ እንደሚያስደነግጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ነገርኳቸው፤ የሰማኝ የለም። ወረዳው ለሠራተኞቹ ራሱ ስለሚከፍል አንዳንዱ ወረቀት በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋል።

ከኪሱ ከከፈለ ግን ያለ ስም መታመም ይችላል። መዝገብ የለ፣ ቁጥር የለ፣ ፖስታ የለ። ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስ ማለቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙም ብቻውን፣ እሱም ብቻውን።

የእኔ ምክር ኢንሹራንሱን ተጠቀም ነው። እናታችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትል ነበር። እውነት ነው፣ እሷ ራሷ የጉልበቷን ሕመም ለአሥራ አንድ ዓመት ከሐኪም ደብቃ ነው የሞተችው፤ ቢሆንም ምክሩ ምክር ነው።

በማርች ድልድዩ ላይ ምን ሆነ?

ሸክላው እየደረቀ ነው።

ቶራ


ቬስተርዳል
ኖቬምበር 26
ከመኪናዬ ውስጥ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከድልድዩ ሁለት መቶ ሜትር ወዲህ

ውድ ቶራ፣

ጓደኛዬን አሰናብቼዋለሁ። እንደማልሸውድሽ ማወቅ ነበረብኝ። ስለ ማርች ለጠየቅሽው፣ ነፋስ ነበረ። ሌላው ሌላ ጊዜ።

ካንቺ ምክር ግማሹን ተቀብያለሁ። አማካሪ ዘንድ ሄጃለሁ፤ ኢንሹራንሱን ግን አልነካሁትም። የወረዳው ፖስታ በሙሉ በአርዲስ እጅ ያልፋል። አርዲስን ታስታውሻታለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ሠላሳ ዓመት ማጅራቴን አጥንታለች። አሁን ደግሞ የማጅራቴን ውስጥ ልታነብ ነው? ስለዚህ ለጀልባዬ ሞተር ካጠራቀምኩት አውጥቼ በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ። አማካሪዋ ያለችው መቶ ኪሎሜትር ርቃ ነው፤ ደግነቱ ከወንዙ ወዲህ ነው። ለሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው የምሄደው ብያለሁ።

ስሟ ወይዘሪት ቫንግ ይባላል። ከማሪት አትበልጥም። ገና እንደተቀመጥኩ፣

«ምን አመጣዎት?» አለችኝ።

«መኪናዬ» አልኳት።

«አሁን ምን ይሰማዎታል?»

«የማሞቂያው ድምፅ።»

ከዚያ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል እኔ የምለፈልፍ መስሏት ነው። እኔ የአባታችን ልጅ ነኝ፤ ከእሱ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ በረዶ ቀድደን ዓሣ አጥምጄ ሁለት ቃል ነው የተለዋወጥነው፣ አንዱም «ቀዳዳው» የሚል ነበር። አሥራ አራት ደቂቃ ተፋጠጥን። እያሸነፍኩ ነበር። በመጨረሻ፣

«አቶ ኔሳይም፣ ዝም ለሚሉበትም ደቂቃ እየከፈሉ እንደሆነ ልንገርዎት ብዬ ነው» አለችኝ።

ያኔ ስለ ድልድዩ ጀመርኩ።

ለማሪት አትንገሪያት።

አርቪድ


ቱሳን
ዲሴምበር 3
ከበረንዳው

ውድ አርቪድ፣

የጀልባ ሞተር ስንት ቀጠሮ ይሆናል? እኔ በጣቴ ቆጥሬ አራት ላይ ቆሜያለሁ። የአንተ ዝምታ ደግሞ ብቻውን ሁለቱን ይበላል። ሕፃኑ በፌብሩዋሪ ነው የሚመጣው፤ የሞተርህ ገንዘብ ገናን አያልፍም። እስቲ የትኛው ይብሳል? አርዲስ አንድ የበሽታ ስም ብታነብ ነው ወይስ ማሪት ምጥ ይዟት መንገዱ በበረዶ ቢዘጋ?

ሕጉ አርዲስ ያየችውን እንዳታወራ ይከለክላታል። «ሕግ ሌላ፣ አርዲስ ሌላ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። መንጃ ፈቃዴን ያሳጣኛል ብለህ ከፈራህ ደግሞ፣ የመንጃ ፈቃዱ ሐኪም ሲጠይቅህ እውነቱን ንገረው፤ መንጃ ፈቃድን የሚያሳጣው መታከም ሳይሆን ሳይታከሙ ወንዝ ውስጥ መግባት ነው።

ፈረስ ካመለጠ በኋላ በረት አይዘጋም። ቅጹን አስመጣ።

ቶራ


ቬስተርዳል
ዲሴምበር 17
ከማብሰያ ቤት፣ ጠረጴዛው ስለተያዘ ከደረጃው ላይ

ውድ ቶራ፣

ጠረጴዛው የተያዘው በምግብ ነው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ በየሳምንቱ መመላለሴን ያዩ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ አርቪድ አንድም ጥርስ አልቀረለትም ብለው ደምድመዋል። ሰኞ የተፈጨ ድንች መጣ። ማክሰኞ የአተር ሾርባ። ረቡዕ በወተት የተቀቀለ ሩዝ፣ በሁለት ሰው እጅ፣ በሁለት ድስት። ትናንት አርዲስ ራሷ ያንን በአመድ ውሃ የተዘፈዘፈ፣ የሚንቀጠቀጥ ዓሣ ይዛ መጥታ «ይሄ ማኘክ አይፈልግም» አለችኝ፤ አፌን አንድ ጊዜ፣ ዓይኔን ሁለት ጊዜ አየችኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ሥጋ ካኘክሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። መጋረጃ ዘግቼ ካሮት እበላለሁ።

ደህና ዜና ልንገርሽ። ማሪት መንገዱ ንጹሕ ነው ትላለች! ነፋሱ ዘንድሮ ከማዶ በኩል ሲነፍስ በረዶውን ጠርጎ ይወስደዋል መሰለኝ። እግዚአብሔር ለማዶ ሰዎች የተለየ ነፋስ ልኮላቸዋል። ግን በነፋስ ላይ ተማምኖ የልጅ ልጅ አይጠበቅም።

የሞተሩ ገንዘብ አልቋል። ወይዘሪት ቫንግ ቢያንስ አሥራ ሁለት ቀጠሮ ያስፈልግዎታል ብላለች። እኔም ሦስት ቀን አስቤ፣ አንዱን ቀን በተለይ ስለ አርዲስ ብቻ አስቤ፣ ወስኛለሁ፤ ኢንሹራንሱን እጠቀማለሁ። ቅጹን አስመጥቼ ትናንት ማታ ሞልቼ ላክሁት። ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ቀላል ነበር።

አርቪድ


ቬስተርዳል
ጃንዋሪ 7
ከማብሰያ ቤት፣ ከማቀዝቀዣው ፊት ለፊት

ውድ ቶራ፣

ውጤቱ ምን ሆነ ላልሽው፣ አልፌያለሁ! ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦

«ውድ አቶ ኔሳይም፣ የላኩልንን መጠይቅ በጥንቃቄ መርምረናል። ከመልሶችዎ እንደተረዳነው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ፍርሃት፣ ጭንቀት፣ የልብ ድንጋጤም ሆነ የእንቅልፍ እጦት አልደረሰብዎትም። አማካሪዎ የላኩት ሪፖርት ከዚህ የሚለይ ቢሆንም ስለ ራስዎ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሕክምናው አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም። ጤናዎን ስለጠበቁ እናመሰግናለን።»

በማግኔት አድርጌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ጤነኛ ነህ ሲለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ድልድዩ ዘንድ ሄድኩ። ድልድዩ ደብዳቤውን አላነበበም።

አሁን ምን ላድርግ?

አርቪድ


ቱሳን
ጃንዋሪ 12
ከማብሰያ ቤት፣ ቆሜ፣ መቀመጥ አቅቶኝ

አርቪድ!

መጠይቁ ላይ ምን አከበብክ? እኔ ሳላየው ልንገርህ። «ምን ያህል ጊዜ ተጨነቁ?» ይላል፤ ከዜሮ እስከ ሦስት። አንተ ዜሮ። «ምን ያህል ጊዜ አንድ ክፉ ነገር ይደርሳል ብለው ፈሩ?» ዜሮ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስከ ታች! ምክንያቱም የኔሳይም ልጅ ቤቱ እየተቃጠለ «ዛሬ ሞቅ ይላል» ነው የሚለው። ምክንያቱም ዳር ላይ ያለውን ሦስትን ማክበብ የሰውን ሦስት መቀማት ይመስልሃል። እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ስለ ሕመምህ የተጠየቅከውን ቅጽ ስለ አስተዳደግህ ሞላህበት!

እኔም ብሆን ዝም ብዬ ልሳደብ አይገባኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት እኔ ጠረጴዛ ላይ ከሚመጡት ማመልከቻዎች ከእኛ ሰሜን የሚመጡት ሁሉ ዜሮ ነበሩ። «እንዴት ያለ ጤነኛ አገር ነው» እያልኩ ማኅተሜን እመታ ነበር። ዜሮውን ማን እንዳከበበው ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አብሬያቸው ነዋ ያደግኩት። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር።

ያ ሰው ማን እንደሆነ ልንገርህና ይውጣልኝ። ሸክላ አልማርም። ጭቃ ነክቼ አላውቅም። ባለቤቴ ላይል ከሞተ ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ የምሄደው አማካሪ ዘንድ ነው። የሚከፍለው ኢንሹራንሴ ነው። የሕመሜ ስም መዝገብ ውስጥ ነው፤ «ይህ የክፍያ ጥያቄ አይደለም» የሚለው ወረቀት አንድ መሳቢያ ሞልቷል፤ ሰማይ አልተደረመሰም። አራት ዓመት የዋሸሁህ አንተ «ቶራማ ብርቱ ናት» ማለት ስለምትወድ ነው።

አሁን ስማኝ። ይግባኝ አለ፤ ሠላሳ ቀን ይሰጡሃል። ጻፍ። አማርር። ላስተምርህ? እንዴት እንደሚማረር ታውቃለህ? አርዲስ የቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ሲበላሽ ያለችውን አስታውስና እንደዚያ ጻፍ።

ቶራ


ቬስተርዳል
ጃንዋሪ 18
ከማብሰያ ቤት፣ ከተለመደው ወንበር

ውድ ቶራ፣

ስለ ሸክላው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልተቀየምኩም። ሲኒ እጠብቅ ስለነበር ብቻ ነው። አሁንም ብርቱ ነሽ።

ይግባኙን ጽፌዋለሁ፤ ከመላኬ በፊት እይልኝ፤ ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፦

«ለሚመለከተው ክፍል፣ በቅድሚያ ሥራ ስላበዛሁባችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጤነኛ ነህ ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም የማያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ምናልባት በመጠኑ ልታመም እችል ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ከእኔ የባሰበት ሰው ካለ ቅድሚያ ለእሱ ይሰጥልኝ። መልስ ባትሰጡኝም አልቀየምም። ለመልሱ የሚሆን ቴምብር አያይዣለሁ። ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ አርቪድ ኔሳይም።»

አርቪድ


ቱሳን
ጃንዋሪ 23

ቅደደው። ቴምብሩን አስቀር።

በማርች የሆነውን ጻፍላቸው፣ እንደሆነው። መጠይቁን ከወይዘሪት ቫንግ ጋር ቁጭ ብለህ እንደገና ሙላ፤ እርሳሱን እሷ ትያዝ። ድልድዩ ሲያስቆምህ ያየ ሰው የምስክር ደብዳቤ ይጻፍልህ። «ማንም አያውቅም» ብለህ እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ። የሥራ ማስረጃ ደግሞ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው የሚሰጠው። አዎ፣ አርዲስ ዘንድ መሄድ አለብህ። ዳቦ ይዘህ ሂድ።

ቶራ


ቬስተርዳል
ፌብሩዋሪ 1
ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ከካፖርት መስቀያው ሥር

ውድ ቶራ፣

እዚህ ለምን እንደተቀመጥኩ በኋላ ትረጂዋለሽ።

አርዲስ ዘንድ ሄድኩ። ዳቦውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ቆቤን አወለቅሁ። መልሼ አደረግሁ። ስለ በረዶው ተናገርኩ። ከጽሕፈቷ ቀና ሳትል፣

«ስለ ድልድዩ ነው?» አለችኝ።

«የምን ድልድይ?»

«አርቪድ፣ ወረዳው ያለው አንድ ድልድይ ነው።»

ተቀመጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«በረዶው። ከድልድዩ ወዲህ አስፋልት፣ ከድልድዩ ማዶ እስከ ጉልበት ነበር። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ ያስገባል?»

«ማዶውማ ንጹሕ ነው! ማሪት ራሷ ናት ያለችኝ። ነፋሱ...»

«ነፋሱ ሀርላን ይባላል» አለች።

ሀርላን ማለት የማሪት ጎረቤት ነው፤ ትልቁ ትራክተር ያለው። ከኖቬምበሩ የምስጋና ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ እየተነሱ ማዶውን ይጠርጋሉ፣ ቶራ፤ በተራ። ሰኞና ሐሙስ ሀርላን። ማክሰኞና ዓርብ የማሪት ባል ዴል። ረቡዕ የመንገድ ሥራ አለቃዬ፣ ደመወዜን የሚፈርመው ሰው! ቅዳሜ አርዲስ።

«አንቺ?» አልኳት።

«ትራክተር ካንተ በፊት ነው የነዳሁት። ደግሞ እኔ ድልድይ...» ብላ ቆመች። ቀላች። አርዲስ ስትቀላ አይቼ አላውቅም። «ይቅርታ» አለች።

«ክፉ አይባልም» አልኳት።

የተራው ዝርዝር የተለጠፈው እዚህ ምድር ቤት፣ ከሰባተኛው የካፖርት መስቀያ ጀርባ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ካፖርቴን አንደኛው ላይ ስለምሰቅል እዚያ አላይም ብለው ነው። አሁን መጥቼ አየሁት። በአርዲስ እጅ ጽሑፍ ነው። ከላይ «አርቪድ እንዳያውቅ» ይላል፤ በሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ጥርሱንስ?» አልኳት።

«ፖም እየገመጥክ ነው ጥርስ ሐኪም ዘንድ የምትሄደው። የትኛው ጥርስ ነው የታመመው?»

«ታዲያ ያ ሁሉ የተፈጨ ድንች?»

«ምን እናድርግ? አንተ ጥርስ ነው ካልክ ጥርስ ነው።»

ከዚያ መሳቢያዋን ሳበች። በስሜ የመጡ ከኢንሹራንሱ የተላኩ ሦስት ፖስታዎች ነበሩ፣ እንደታሸጉ። አልከፈተቻቸውም። ያቺን የማቀዝቀዣውን ደብዳቤ በቀጥታ ቤቴ ያመጣልኝ ፖስተኛው እንጂ እሷ እንዳልሆነች ያኔ ገባኝ። «ሥራ ላይ ያየሁትን ቤተ ክርስቲያን አላውቀውም» አለችኝ፣ «ቤተ ክርስቲያን ያየሁትን ግን ሥራ ላይ እጽፍልሃለሁ»፤ ወረቀትም አወጣች። እስከ ምሽት ድረስ አምስት የምስክር ደብዳቤዎች ደረሱኝ። የሀርላን ሁለት መስመር ነው፦ «ድልድዩ ላይ ይቆማል። ይህ ሰው ያለ ምክንያት አይቆምም።»

የማርቹን ደግሞ ጻፍኩት፤ አንቺም ስለጠየቅሽኝ በአጭሩ። ነፋሱ መኪናዋን ገፋት፤ በረዶ ላይ ዞረች፤ አፍንጫዋ ከድልድዩ አጥር ውጭ ተንጠለጠለ። አርባ ደቂቃ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። በፊት መስተዋቱ ከታች ጥቁሩ ውሃ ይታይ ነበር። ያሰብኩት ስለ ማሪት ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያልኳት «ጎማሽን አስነፊ» ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ መለስኳት፤ የተጫረውን ቀለም ቀባሁት፤ ቤት ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። ቀለሙ ልክ ነው የገጠመው። ለዚህ ነው ማንም ያልጠየቀኝ።

መጠይቁን ከወይዘሪት ቫንግ ጋር ሞላን። እርሳሱን ይዛ ሦስትን ስታከብብልኝ፣ «ሌባ የሆንኩ መሰለኝ» አልኳት። «ይህንንም ልጻፈው?» አለችኝ።

አርቪድ


ቱሳን
ፌብሩዋሪ 8
ከአንድ የሸክላ ሥራ ትምህርት ቤት፣ እጄ ጭቃ ስለሆነ ወረቀቱን ይቅርታ አድርግለት

ውድ አርቪድ፣

አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ ትንሽ ተራመድኩ። ከዚያ መጥቼ እንደገና አነበብኩት። 

ውሸት የሚሽረው እውነት ሲደረግ ነው ብዬ እዚህ ተመዝግቤያለሁ። አብሬ የላክሁልህ ነገር ሲኒ ነው። ሲኒ መሆኑን የምነግርህ አይተህ ስለማትለየው ነው።

መልስ መጣ? ማሪትስ?

ቶራ


ቬስተርዳል
ፌብሩዋሪ 13
ከመኪናዬ ውስጥ፣ ከድልድዩ አፍ፣ አንድ እርምጃ ወዲህ

ውድ ቶራ፣

መጣ። አሥራ ሁለት ቀጠሮ ፈቅደዋል። ሕመሜም ስም ወጥቶለታል፤ ረጅም ነው፣ ከፊቱ ቁጥር አለው። «ጤነኛ ነህ» የሚለውን ከማቀዝቀዣው ላይ አንስቼ ይህንን ለጠፍኩት። ሀርላን ቡና ሊጠጣ መጥቶ አነበበው። «ከእኔው አጠር ይላል» አለኝ። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ግን ሁለተኛ ሲኒ ቀዳሁለት።

ወይዘሪት ቫንግ የቤት ሥራ ሰጥታኛለች። መጀመሪያ በእግር እስከ አንደኛው ምሰሶ። ከዚያ እስከ ሁለተኛው። ትናንት አራተኛው ደርሻለሁ። ድልድዩ ዘጠኝ ምሰሶ አለው። ማሪት ጊዜዋ ደርሷል። ስሌቱን ሠርተሽ አትላኪልኝ።

ሲኒሽ ደርሶኛል። ያፈሳል።

አርቪድ


ከወንዙ ማዶ
ፌብሩዋሪ 22
ከማሪት ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ እጀታው ከተሰበረ ወንበር

ውድ ቶራ፣

ጥያቄዎችሽን በተራ እመልሳለሁ። አለፍክ ወይ ላልሽው፣ ከአናቱ የጻፍኩትን አንብቢ። ፈርተህ ነበር ወይ ላልሽው፣ ሦስት። እንዴት ቻልከው ላልሽው፣ ቅጹ ላይ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ስለሌለ መልስ አላዘጋጀሁም። በረዶው ከማታ ጀምሮ ሲጥል ነበር፤ ዴል ምጥ ጀመራት ብሎ ደወለ፤ ሄድኩ። ሰባተኛው ምሰሶ ላይ ጮኼ ስለ ነፋሱ አወራሁ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም፤ ደግነቱ። መንገዱን እስከ ሆስፒታሉ በር ጠርጌ ማሪትንና ዴልን ከኋላዬ አስከተልኳቸው።

ሀርላን ማለዳ ትራክተሩን አስነስቶ ሲወጣ መንገዱ ተጠርጎ ጠበቀው። መገናኛው ላይ ተገጣጠምን። መስኮት አልከፈትንም። ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አነሳልኝ፤ እኔም አንድ ጣቴን አነሳሁለት። ይህ በእኛ አገር የአንድ ሰዓት ንግግር ነው።

ዛሬ ወደ ቤት ተመልሰናል። ሲኒሽን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሥሩ ሳህን አድርገንበታል። አርዲስም የዓሣውን ድስት ይዛ መጥታ ነበር፤ «አሁንስ ለእውነተኛ ጥርስ የለሽ ነው» አለች።

ሕፃኗን እንዳቀፍኳት ማሪት ከአልጋዋ ሆና «እንዴት ናት አባዬ?» አለችኝ። «ክፉ አይ...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ሁሉም ያየኛል። ማሪትም፣ ዴልም፣ አርዲስም ከነድስቷ።

«ቆንጆ ናት» አልኩ።

ሳይታወቀኝ ጮኼ ነው መሰል፣ ነቃች።

ወንድምሽ አርቪድ